ሳያዙ የማጭበርበር ዘዴ፦ ለአዲስ ተሿሚ

እንኳን ለሹመት አበቃዎት። ደንበኛ ለማጭበርበር ካሰቡ አደራዎን «አጭበርብሩ» ብለው እንዳያዙ፤ ትእዛዝ ፊርማ አለው፣ ፊርማም ፍርድ ቤት ይቀርባል። በቅን መንገድ የማይሞላ ዕቅድ ይስጡና እንዴት እንደሞላ አይጠይቁ። ለዚህ ከአሜሪካው ዌልስ ፋርጎ ባንክ የተሻለ መምህር አያገኙም። ባንኩ ለአንድ ደንበኛ ስምንት ዓይነት አገልግሎት የመሸጥ ግብ ነበረው። ለምን ስምንት? የያኔው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ጆን ስታምፍ ራሳቸው እንደጻፉት፣ ቁጥሩ በእንግሊዝኛ «ግሩም» ከሚለው ቃል ጋር ቤት ስለሚመታ ነው። እርስዎም በገበያ ጥናት አይድከሙ።

የቀረውን ተራው የቅርንጫፍ ሠራተኛ ይጨርስልዎታል። ኮታው ካልሞላ እንጀራው የሚያሰጋው ሰው፣ ደንበኛው ሳያውቅ በስሙ ሒሳብ ይከፍታል፣ ካርድም ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 ተቆጣጣሪዎች ባንኩን 185 ሚሊዮን ዶላር ሲቀጡ፣ ያለ ፈቃድ ሳይከፈቱ አልቀሩም የተባሉት ሒሳቦች 2 ሚሊዮን ገደማ ነበሩ፤ በዓመቱ ግምቱ 3.5 ሚሊዮን ደረሰ። «ባንኩ እኮ 5,300 ያህል ሠራተኞችን አባሯል፤ ሥነ ምግባር ማለት ይኸው አይደል?» የሚል አይጠፋም። የዘዴው ውበት እዚህ ላይ ነው! ጥፋቱ የጥቂት ባለጌዎች ቢሆን ኖሮ እነሱ ሲወጡ በቆመ ነበር። ግን ለዓመታት ሰው ይባረራል፣ ኮታው ግን አይነካም፤ በተባረረው ወንበር የተቀመጠውም ያንኑ ይደግማል። ስለዚህ ከታች ያሉትን ደጋግመው ያባርሩ፤ ቆራጥ ይባላሉ። የጥቆማ ስልክም ያስገቡ (ግድግዳ ላይ ያምራል)። በዚያ ባንክ ደውለን ጥፋት ብንጠቁም ተባረርን ያሉ ሠራተኞች ነበሩ።

ያለ ዕቅድ ንግድ አይቆምም የሚሉም አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ዕቅድ ሁሉ ሰው አያስዋሽም። የሚያስዋሸው፣ ሳይሞላ ሲቀር ሠራተኛው ብቻ የሚመረመርበት፣ ቁጥሩን ያወጣው አለቃ ግን የማይጠየቅበት ዕቅድ ነው። እርስዎ ቁጥሩ ልክ ነው ወይ ብለው ከታች ያሉትን መስማት ከጀመሩ ግን ይህ ምክር አይሠራልዎትም።

ዘዴው አንድ እንከን አለው፤ ዕድሜው ያጥራል። ባንኩ የሽያጭ ኮታውን የሰረዘው ቅጣቱ ከተሰማ በኋላ ነው። ስታምፍ በ2016 ሥራቸውን ለቀቁ፤ በ2020 ደግሞ 17.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምተው ከባንክ ሥራ ለዕድሜ ልክ ታገዱ።