ቢላዋ ያልለየው ሥጋ

«ደጎሎ ላይ ተቀምጣችሁ ስለ ዓሣ ምን ታውቃላችሁ?» አለን አሜሪካ ያለ አብሮ አደጋችን፣ የያዘውን ስቲልሄድ በሁለት እጁ ታቅፎ የተነሣውን ፎቶ ልኮ። ጓደኛዬ ስልኩን ተቀበለኝና ወዲያው በድምፅ መለሰለት፤ «ዓሣህ ውቅያኖስ ደርሶ ወደ ተወለደበት ወንዝ ተመልሷል። አንተስ መቼ ነው የምትመለሰው?»

መልሱ ተረብ ቢሆንም እውነት ነው። ስቲልሄድ የሚባለው ሬይንቦው ትራውት ራሱ ነው፤ ወንዝ ውስጥ ተፈልፍሎ ወደ ፓስፊክ ውቅያኖስ ይወርድና ካደገ በኋላ እንቁላሉን ለመጣል ወንዙን ሽቅብ ይወጣል። የኛም ዓሣ ይህን ያውቅበታል። ጣና 15 ያህል የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉት፤ አብዛኞቹ ሌላ የትም አይገኙም፤ በርካቶቹም ክረምቱ ሲጠነክር ጉማራን፣ ርብንና መገጭን ሽቅብ ወጥተው ጠጠር ላይ እንቁላል ይጥላሉ። አገር ቤት መመለስን ከአሜሪካ ዓሣ የምንማርበት ምክንያት የለም።

«ትራውት የሌለው አገር!» ለሚለን ደግሞ ባሌን እንጠራበታለን። በንጉሡ ዘመን ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች ወንዞች ተለቅቋል፤ ዲንሾ አጠገብ በዌብ ወንዝ ለምዶ ቀርቷል። አንድ የሰፈራችን ወጣት ይህን ሰምቶ «ታዲያ ወንዛችን ወንጪት ውስጥ ለምን አንጨምረውም?» አለኝ። ትራውት ደገኛ ነው፤ ቀዝቃዛና አየር የጠገበ ውኃ ይሻል፣ ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ ይጨነቃል፤ ወንጪት ደግሞ ቆላ ነው አልኩት። «ቢመቸውስ?» አለ። ቢመቸውማ ይብሳል፤ ከትራውቱ አፍ ለነጭ ዓሣችን ጫጩት ማን ይደርስለታል?

እኔና ጓደኛዬ የምናጠምደው እዚያው ወንጪት ላይ ነው። ከወሎዋ ከተማችን ከደጎሎ ወደ ዓለም ከተማ የሚወስደው መንገድ ጠመዝማዛውን ወርዶ ይሻገረዋል፤ ውኃው ከጀማ ይቀላቀልና ዓባይ ይገባል። ደፍራሹ አልፎ ወንዙ ሲጠራ በማለዳ እንወርዳለን። ዕቃችን መንጠቆ፣ የናይለን ገመድ፣ በቆርቆሮ የተያዘ ትልና የአንድ ቀን ስንቅ ነው። እሱ እስላም ነው፣ እኔ ክርስቲያን። ይህን የምናገረው ወሬ ለማሳመር አይደለም፤ የጉዳዩ ሥር ስለሆነ ነው።

ወሎ ውስጥ አብረን እንወለዳለን፣ ለቅሶ አብረን እንደርሳለን፣ ቡና አብረን እንጠጣለን። ሥጋ ላይ ስንደርስ ግን ገበታው ለሁለት ይከፈላል። ሰርግ የሚደግስ ሰው ለእስላሙ እንግዳ በእስላም እጅ፣ ለክርስቲያኑ በክርስቲያን እጅ አሳርዶ፣ ድስቱን ለይቶ ያሰናዳል። ደንቡ መከባበር ያለበት ነው፤ አልነቅፈውም። ዓሣ ግን ባራኪ አይጠብቅም። «ቢስሚላህ» ብሎ ያረደው የለም፣ «በስመ አብ» ብሎ ያረደው የለም። ከውኃ ወጥቶ ፍም ላይ ያርፋል፤ እኔና ልጅነቴን ሙሉ የማውቀው ሰው ከአንድ ትሪ ሥጋ የምንጎርሰው ያን ጊዜ ነው። «ዓሣ ደግሞ ምን ምግብ ነው?» ለሚለኝ ደገኛ ሁሉ መልሴ ይህ ነው፤ አንተ የበግህን ሥጋ ከጓደኛህ ጋር መቼ በላህ?

አንድ ቀን የዙሁር ሰዓት ደረሰና ጓደኛዬ ገመዱን አስያዘኝ። ጫማውን አውልቆ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ ውዱእ ሊያደርግ ክንዱን እስከ ክርኑ በወንዙ ውኃ አጠበ፤ ጋቢውን አንጥፎ ቆመ። ገመዱ ጣቴ ላይ ሁለት ጊዜ ነካ ነካ አደረገኝ፣ ከዚያ ተወጠረ። ሶላቱን ሳይጨርስ ድምፅ እንዳላሰማ ጥርሴን ነክሼ ሳብኩት፤ ወፍራም ነጭ ዓሣ ነው፣ ቅርፊቱ ሰፋፊ፣ ሆዱ ወደ ወርቅማ የሚያደላ። አሰላምቶ ዞር ሲል «የኔ ነው፤ መንጠቆው የኔ ነው» አለኝ። «ትሉን ማን ቆፈረው?» አልኩት። «ለቆፋሪው ጭራውን!» አለና ሳቀ። ቀጥሎ የወጣው አምባዛ ነበር። በእኛ በኩል ቅርፊት የለውም ብለው የማይበሉት ብዙ ናቸው፤ እኔም አልበላም። «ሃይማኖትህን እወዳታለሁ፤ ሁልጊዜ ድርሻዬን ታበዛልኛለች» ብሎ ወደ ራሱ ሳበው።

የዚያን ዕለት የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ታችኛው ኩሬ ላይ የበተኑ ጎረምሶች አገኘን። «እናንተ ገመድ ይዛችሁ ስታንቀላፉ እኛ ጆንያ እንሞላለን» አሉን። ጓደኛዬ «ከርሞስ ጆንያውን ምን ልትሞሉበት ታመጡታላችሁ?» አላቸው።

የብርብራ ፍሬ ሮቴኖን የሚባል መርዝ አለው። ዱቄቱ ኩሬ ላይ ሲበተን ዓሣው መተንፈሻው ውስጥ ያስገባዋል፤ ገላው አየሩን መጠቀም ያቅተውና እየተንገዳገደ ወደ ላይ ይንሳፈፋል። ትልልቁ ይለቀማል። የጣት ጥፍር የሚያህለው ጫጩትና ዓሣው የሚመገበው የውኃ ነፍሳት እዚያው ያልቃሉ፤ እነሱን የሚለቅም የለም፣ የሚቆጥራቸውም የለም። «አያቶቻችንም ያደርጉት ነበር» አለ አንደኛው። አያቶችህ ዛፉንም ወንዙንም አውርሰውሃል፤ አንተ ለልጅህ የትኛውን ልትተውለት ነው? አልኩት። ዝም አለ። ሰድቤው ቢሆን ኖሮ ይመልስልኝ ነበር።

መርዝና ፈንጂ ዓሣ ላይ እንዳይውል የሚከለክል የፌዴራል አዋጅ አለን፤ ቁጥር 315/1995። ሸለቆው ድረስ ወርዶ የሚያስከብረው ግን እምብዛም ነው። ታኅሣሥ ሲገባ ወንዙ ይቀንስና ዓሣው ኩሬ ኩሬው ላይ ይጠራቀማል፤ ያን ጊዜ አንድ ቅል ዱቄት ብዙ ዓመት ያደገውን በግማሽ ቀን ይጨርሳል። ስለዚህ ብርብራ ይቅር የሚለው ቃል ከዚያ በፊት፣ ከቅዳሴ በኋላም ከጁምዓ በኋላም መነገር አለበት። ለሁለቱም ወገን የሚሆን ሥጋ ነው፤ ሁለቱም ወገን ይጠብቀው።

እኔ ለቄሱ ነገርኳቸው፣ ጓደኛዬ ለሼኹ። ቄሱ «ሼኹስ ምን አሉ?» ብለው ጠየቁኝ፤ ሼኹም «ቄሱስ ምን አሉ?» ብለው ጠየቁት። ሳንመካከር ሁለታችንም አንድ ዓይነት መልስ ሰጠን፤ «እርስዎን እየጠበቁ ነው።»