የሶኬት ወረፋ በሚና

በሐጅ፣ መካ አጠገብ ባለችው ሚና፣ ሰይጣን በጠጠር ይወገራል፤ በሶኬቱ ወረፋ ሹልክ ብሎ የገባውን ግን እስካሁን የወገረው የለም።

በ1997 እ.ኤ.አ. እዚያው ሚና የተነሳ እሳት 343 ሐጃጆችን ፈጀ። መንግሥት የሐጃጆቹን ድንኳን እሳት በማይበላው ጨርቅ ቀየረ፤ የጋዝ ምድጃም ከለከለ። እኛ ደግሞ ከጅዳ፣ ከበለድ ሱቆች፣ ከሻይ ዋጋ ብዙም ያልራቀ ቻርጀር ይዘን ደረስን። ማከፋፈያ በማከፋፈያ ላይ ይሰካል፤ ስልኩ ሌባ እንዳያየው ትራስ ሥር ተቀብሮ ይሞላል። እሳት እንደሆነ ፈልጎ አያጣውም።

አፕል ስልክ ከ35 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት አይሞላ ይላል። በሰኔ 2024 እ.ኤ.አ. መካ 51.8 ዲግሪ ገባች። ሐጃጁ ጥላ ሲፈልግ ፓወር ባንኩ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ነበር፤ እንደ በርበሬ።

የመልሱ የአውሮፕላን ጉዞ ይብሳል። ፓወር ባንክ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው አይገባም፤ እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለውን ደግሞ ማንም ፈቃድ አይጠይቅበትም። እናቶቻችን ግን በነጠላ ጠቅልለው፣ በፕላስተር አስረው ከታች ይቀብሩታል።

«ያ ሐጃ፣ ባትሪ አለ?»

«የለም ልጄ፣ ቴምር ነው።»

ባለ 20,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ቴምር።