መለከቱ ለማን ተነፋ?

የስልኬ መጥሪያ ለረጅም ጊዜ የቬርዲ «አይዳ» የድል ሰልፍ ነበር። መለከቱ ሲያስገመግም ባቡር ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞር ይላል፤ እኔም ሆን ብዬ ቶሎ አላነሳም። ከጎኔ ሐበሻ ካለማ በቃ፣ ወሬ ተገኘ። «ኦፔራ እኮ ነው፤ ያውም የእኛ! አይዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት» እላለሁ፣ ልጅቷን ክርስትና ያነሳኋት እኔ ይመስል።

ናት፤ በዚህ አልዋሸሁም። አባቷ አሞናስሮ የኢትዮጵያ ንጉሥ ነው፣ እሷ ደግሞ ግብፅ ውስጥ ምርኮኛ። ያመለጠችኝ ትንሽ ነገር ብትኖር ሰልፉ የሚሰለፈው ግብፆች እኛን ስላሸነፉ መሆኑ ነው። ሁለተኛው ገቢር ላይ እነዚያ ረጃጅም መለከቶች የሚነፉት ራዳሜስ ኢትዮጵያን ድል አድርጎ ሲመለስ ነው። እየተነዱ የሚገቡት ምርኮኞች የእኛ ሰዎች ናቸው፤ ንጉሡም ማንነቱን ደብቆ መሃላቸው አለ። እኔ ቪየና ኦፔራ ቤት ቆሜ፣ መዳፌ እስኪቀላ እያጨበጨብኩ «ብራቮ!» ያልኩት ለዚህ ነበር።

እንዴት አልገባህም? ትሉኝ ይሆናል። እዚያ ቤት እያንዳንዱ ተመልካች ፊት ግጥሙን የምትተረጉም ትንሽ ስክሪን አለች። ችግሩ ስክሪን ማየት ጀማሪ ያስመስላል። ስለዚህ አጠፋኋትና ጣልያንኛ የሚሰማ ሰው ፊት ይዤ ቆምኩ። ጣልያንኛዬ ከማኪያቶ፣ ከጎሚስታና ከፍሪሲዮን አያልፍም፤ ሦስቱም «አይዳ» ውስጥ የሉም።

ርካሹ ቦታ ቆመው የሚያዩበት ነው። የቪየና ሰው ሻርፑን ብረቱ ላይ አስሮ ቦታውን ይይዛል፤ እኔ ባለጥበብ ነጠላ አሰርኩ። አንድ ማታ አንዲት አሮጊት ጥበቡን ዳሰስ ዳሰስ አድርገው ሲያበቁ፣ ስለ ዛሬው ኮንዳክተር ምን እንደማስብ ጠየቁኝ። «ጥልቅ ሰው ነው» አልኩ፣ ዓይኔን ጨፈን አድርጌ። መብራቱ ሲጠፋ ብቅ ያሉት ሴት ናቸው። ለነገሩ ቆሜ ማየትን የመረጥኩት ለገንዘቡ ብቻ ሳይሆን እንቅልፍ እንዳይጥለኝም ነበር። እንደ ጋሪ ፈረስ ቆሜ መተኛት እንደምችል ያወቅኩት በዚሁ ምክንያት ነው።

ከመለከቱ ቅሌት በኋላ እንግዲህ ላንብብ አልኩ። ኦፔራውን ያዘዘው የግብፁ ከዲቭ ኢስማኤል ኖሯል። ፓሪስ በፕሩሺያ ጦር ስትከበብ አልባሳቱም የመድረኩ ጌጥም እዚያው ተቆልፎባቸው ስለቀረ ዘግይቶ፣ ካይሮ ላይ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1871 ታየ። ከዲቩ መድረክ ላይ ማሸነፉ አልበቃው ብሎ ከአራት ዓመት በኋላ የምር ጦር ላከ። በ1875 ጉንደት ላይ፣ በ1876 ደግሞ ጉራዕ ላይ የአፄ ዮሐንስ ሠራዊት ድባቅ መታው። ለዚህኛው ድል ቬርዲ መለከት አልጻፈም። ይህን ሳነብ አንገቴ ቀና አለ፤ ባቡር ውስጥ የማወራው ነገርም ታደሰ። መጥሪያውን ግን አልቀየርኩም። መለከቱ ደስ ይላላ!

ማንበብ ሁልጊዜ ይበጃል ማለቴ አይደለም። ባሌትን ያበላሸብኝ ማንበብ ነው። «ስዋን ሌክ» ላይ ጥቁሯ ስዋን በአንድ እግሯ ቆማ 32 ጊዜ ትሽከረከራለች፤ በ1895 ሴንት ፒተርስበርግ ላይ ይህን ያስለመደችው ጣልያናዊቷ ፒዬሪና ሌኛኒ ናት። ይህን ካወቅኩ ወዲህ ጭፈራውን አይቼው አላውቅም፤ እቆጥራለሁ። ከንፈሬ ሁሉ ይንቀሳቀሳል። አሥራ ዘጠኝ ላይ ስደርስ አንዱ ያስልና ቁጥሩ ይጠፋብኛል። ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ ተነስቶ ሲያጨበጭብ እኔ ልጅቷን በጥርጣሬ አያታለሁ። አጉድላ እንደሆነስ?

ልብ ወለድ ደግሞ የባሰ ነው። የፍሎቤር «ማዳም ቦቫሪ» ውስጥ ሻርል ሚስቱን ኤማን ሩዋን ከተማ ወስዶ የዶኒዜቲን «ሉቺያ ዲ ላመርሙር» ያሳያታል። እሷ መድረኩ ላይ ቀልጣ ትቀራለች፤ እሱ ይጠይቃል። ይሄኛው ምኗ ነው? ያኛው ለምን ያሳድዳታል? ሙዚቃው ቃሉን ስለሸፈነበት ታሪኩ አልገባውም። ኤማም ዝም በል ትለዋለች። ሳነበው በሻርል ሳቅሁ፤ እኔ እርግጥ ኤማ ነበርኩ።

በቅርቡ አንድ ጓደኛዬን ለምኜ ኦፔራ ቤት ወሰድኩት። ገና ከመጀመሩ «ይሄ ሰውዬ ማነው?» አለኝ።

«እሽሽ፣ ሙዚቃውን ስማ።»

«ለምንድን ነው የሚጮህባት?»

«እሽሽ አልኩህ!»

ኤማ እያወቀች ነው ዝም በል ያለችው። እኔ ስክሪኗን አጥፍቻለሁ።

ስንወጣ እግሩን እያሸ «ገንዘቤን መልስ» አለኝ። ምግብ ቤት አስገባሁትና፣ ሒሳብ ሲመጣ ያነበብኩትን ነገርኩት። በ1872 አንድ የሬጆ ከተማ ሰው «አይዳ»ን ሁለት ጊዜ ፓርማ ድረስ ሄዶ ያያል፤ አልጥመው ይላል። የባቡር፣ የመግቢያና የእራት 31 ሊሬ ከ80 ይመለስልኝ ብሎ ለራሱ ለቬርዲ ይጽፋል። ቬርዲም እንዲከፈለው ያዛል፤ ከእራቱ በስተቀር። እራቱን ቤቱ መብላት ይችል ነበር ባይ ነው። በዚያ ላይ ሰውየው ሁለተኛ የቬርዲ አዲስ ኦፔራ ላያይ እንዲፈርም ጠየቀ።

«ስለዚህ እራቱ በየራሳችን ነው» ብዬ ደመደምኩ።

ጓደኛዬ የእራቱን ነገር የሰማም አይመስልም። እስክሪብቶ አምጣ አለኝ፣ እሱም ሊፈርም።