ሳር በመጋቢት፣ ሐፍረት በሚያዝያ

አቃቂ፣ ቱሉ ዲምቱ ላይ የሰሞኑ ወሬ የክፍያ መንገዱ አይደለም፤ የኑሮ ውድነቱም አይደለም። የጎረቤቴ ሳር ነው። አማቹ ከሚኒሶታ አንድ ከረጢት የሳር ዘር ልኮለት፣ ከከረጢቱ ጋር «ስፕሪንግ ሲገባ ዝራው» የሚል ትእዛዝ ጨመረበት። ጎረቤቴም መጋቢት ላይ አንድ ካፊያ አየና ግቢው ውስጥ በተነው። ከዚያ ወዲህ በአጥር ላይ የተወራወርነው እነሆ።

«ኬንታኪ ብሉግራስ ይባላል፤ የአሜሪካ ምርጥ!» አለኝ ከረጢቱን እያገላበጠ።

«ዶሮዋን ስንጠብቅ ሳሯን ላከችልን? ደግሞ የአሜሪካ ተወላጅ አይደለም። ሰፋሪዎች ከአውሮፓ ይዘውት የሄዱት ሳር ነው፤ ኬንታኪ ገብቶ መታወቂያ አወጣ እንጂ።»

«አንተስ? ከመርካቶ በዕጣ መጥተህ የአቃቂ ባላባት ሆነህ የለም እንዴ!»

ይቺን ዋጥኳት። ቀጠልኩ።

«በስንት ቀን ይበቅላል አሉህ?»

«በሳምንት።»

«በሳምንት ብቅ የሚለው ራይግራስ ነው። ያንተው ከሁለት ሳምንት እስከ አንድ ወር ይወስዳል፤ እስከዚያ ድረስ ደግሞ የአፈሩ ፊት መድረቅ የለበትም። ለመሆኑ ውሃ መቼ መቼ ይመጣልሃል?»

«ማክሰኞ ሌሊት።»

«እንግዲያው ዘርህን እስከ ማክሰኞ ትንፋሽህን ያዝ በለው።»

«ውሃው እኮ ከዚሁ ከአቃቂ ጉድጓድ ነው የሚወጣው!»

«ታዲያስ! ከእግራችን ሥር ወጥቶ ከተማውን ሲያዳርስ ይውልና እኛን በሳምንቱ ይጠይቀናል። እንዲህ ያለ ዘመድ ያንተ ብቻ መስሎህ ነበር?»

ሚያዝያ ገባ። ካፊያው ጠፋ፣ ፀሐይዋ ወጣች፣ ድንቢጦች ከየአቅጣጫው ተጠራርተው መጡ። ዘሩ ያለ አፈር ልብስ ሜዳ ላይ ስለተበተነ ቁርሳቸውን በልተው ለምሳ ቀጠሮ ያዙ። የተረፈው በቀለ። እኔም አፌን አሟሸሁ።

«ሳርህ ከመሳሳቱ የተነሳ ጉንዳን ሲያቋርጠው ጃንጥላ ይዘረጋል።»

«ሳርህ ከመራራቁ የተነሳ አንዱ ከሌላው ጋር ለመገናኘት የአየር ሰዓት ይሞላል።»

«መረሬ አፈርህ ከመሰነጣጠቁ የተነሳ ቁልፍህ ቢወድቅበት ሞጆ ደረቅ ወደብ ሄደህ ነው የምትረከበው።»

ጎረቤቴም አልተኛም። አንድ ጊዜ ሳሩን፣ አንድ ጊዜ አናቴን ተመለከተና፦

«ከራስህ ይሻላል። የኔው ቢያንስ ለሰኔ ተስፋ አለው።»

በዚህ መሐል አንድ ባለ ጋሪ ልጅ አህያውን አቁሞ ከአጥር ውጭ ያዳምጠን ኖሯል። «ጋሼ፣» አለው ባለ ሳሩን፣ «'እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል' ያለችው የዚህች አህያ ቅድመ አያት ነበረች። ይቺ ግን የእርስዎን ግቢ አይታ 'እኔ በሕይወት እያለሁም አልበቀለም' እያለች ነው።»

የጎረቤቴ የመጨረሻ ምሽግ አማቹ ነው። «እዚያ እኮ በስፕሪንግ ዘርቶት ግቢው አረንጓዴ ሆኗል!» አለ።

«የአማችህ ፀደይ፣ አፈር ከበረዶ እስር የሚፈታበት ወቅት ነው። አፈሩ ወደ 10 ዲግሪ ሲሞቅ ዘር ይነቃል። የእኛ አፈር ግን መቼ ታስሮ ያውቃል? ቃሊቲ የሚታሰረው ሰው ነው። የእኛ ችግር ብርድ ሳይሆን ውሃ ነው፤ መጋቢትና ሚያዝያ አዲስ አበባ ከምትሞቅባቸው ወራት ናቸው፣ የበልግ ዝናብም ቀጠሮ አያከብርም። ደግሞ ልንገርህ፤ እዚያው ሚኒሶታ ያሉ ባለሙያዎች ከፀደይ ይልቅ የሚመርጡት ከነሐሴ እስከ መስከረም መባቻ ያለውን ጊዜ ነው። በፀደይ የተዘራ ሳር ሥር ሳይሰድ ሙቀቱ ይደርስበታል፣ አረምም ይቀድመዋል። አማችህ የላከልህ ዘር ብቻ አይደለም፤ የራሱንም ስህተት ነው።»

«እንግዲያው የፕላስቲክ ሳር አነጥፍና እገላገላለሁ!»

«አንጥፍ! ቄጤማው ፕላስቲክ፣ አበባው ፕላስቲክ፣ ሳሩ ፕላስቲክ። እንግዳ ሲመጣም የፕላስቲክ ቡና አፍላና ሦስተኛውን በረካ ድገም።»

ይህን ሁሉ ሲሰሙ የቆዩ አንዲት እናት አሉ። ኮንዶሚኒየሙ ሳይቆም እዚሁ ምድር ላይ ጤፍና ሽምብራ ያመርቱ ነበር። እኛ በአፍ እንጣላለን፣ እሳቸው በአፈር ይፈርዳሉ።

«ልጆቼ፣ ሁለታችሁም ትለፈልፋላችሁ። መረሬ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል። ውሃው መውጫ ካጣ ሥሩ ታፍኖ ይበሰብሳል። አሁን የደረቀባችሁ ሐምሌ ላይ ደግሞ ይሰጥማል።»

«እማማ፣ ጭቃውንማ ተዉት» አልኩ። «እሱ ግቢ በጫማ ገብተው በማሳ ነው የሚወጡት።»

«አንተ ዝም በል፤ ያንተ ግቢ ሲሚንቶ ነው።»

ዝም አልኩ። ደግሞም እውነታቸውን ነው። የመረሬ መላ መደብና ቦይ ነው፤ ደገኛው ገበሬ ከጥንትም ያውቀዋል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1980ዎቹ አዲስ አበባ የነበረው ኢልካ የተባለው የእንስሳት ምርምር ማዕከል ሳይቀር ሁለት ማረሻ አጣምሮ መደብና ቦይ የሚያወጣ መሣሪያ ይዞ ብቅ ያለው ለዚሁ ለጥቁር አፈር ነበር። ለማሳ የታሰበው ለግቢ ሲሆን ዶማ ይበቃል።

እማማ ቀጠሉ፦ «ግንቦት ላይ አንድ ስንዝር ያህል ቆፍር። የበሰበሰ ፍግ ቀላቅልበት። መሐሉን ከፍ፣ ዳሩን ዝቅ አድርግና ዙሪያውን ቦይ አውጣ። ሰኔ ዝናቡ ሲይዝ ሰርዶ አምጣ፤ ሐረጉን ሁለት ሦስት አንጓ እንዲኖረው ቆራርጠህ በየስንዝሩ ትከል። በእግርህ ረገጥ ረገጥ አድርገው። መስከረም ላይ ና ጥራኝ፣ ቡና እንጠጣበታለን።»

«ሰርዶ?» አለ ጎረቤቴ ፊቱን አጥቁሮ። «የመንገድ ዳር ሳር?»

ይቺን አላሳልፋትም። «ጌታው፣ የመንገድ ዳር ሳር ያልከውን ፈረንጅ ቤርሙዳ ግራስ ብሎ በከረጢት ይሸጠዋል። የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ የራሱ ሳር የሆነው፣ በእኛም አገር የሚበቅለው ኪኩዩ ደግሞ አውስትራሊያና ደቡብ አፍሪካ ግቢ አልብሶ፣ ሎስ አንጀለስ ሪቪዬራ በተባለው የጎልፍ ክለብ ሜዳ ላይ ዓለም አቀፍ ተጫዋቾች ይመላለሱበታል። የእኛ ሳር ውጭ ወጥቶ ኑሮውን አደላድሏል፤ አንተ ዘር ከውጭ ታስመጣለህ። ቢመለስ እንኳ 'ዲያስፖራ ነው' ብለህ ቀይ ምንጣፍ ልታነጥፍለት ነው።»

«ሳሩ ላይ ምንጣፍ ካነጠፍኩ ምኑን ሳር ሆነ?» አለ። እውነቱን ነው፤ ነጥቡ ተያዘለት።

ፍርዱ ይኸው። አቃቂ ላይ የሳር ቀን የሚቆርጠው ከረጢቱ ላይ የተጻፈው ወር ሳይሆን የሰኔ ዝናብ ነው። መጋቢት ላይ በየቀኑ የሚያጠጣበት ውሃና ድንቢጥ የሚጠብቅ ልጅ ያለው ይዝራ። ሌላው ቦዩን ያውጣና ይጠብቅ። ከበቀለ በኋላም ስታጭዱት በአንድ ጊዜ ከቁመቱ ሲሶ በላይ አትቁረጡ፤ ሰርዶም ሆነ ኪኩዩ አንዴ ከያዘ አጥር ስለማያከብር ዳር ዳሩን ቁረጡለት።

ሚኒሶታ ያላችሁ አማቾችም ስሙ፦ ዘር አትላኩ። ሳሩ እዚህ ሞልቷል፤ ያጠረን ማጨጃው ነው።