ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል፤ በጠያቂ ብዛት ዴቨሎፐርነት

— ጎበዙ፣ ዌብሳይት በስንት ትሠራለህ?

— ምን ዓይነት ዌብሳይት ጋሼ?

— ቀላል ነው። እንደ አማዞን ሆኖ ትንሽ ቀለል ያለ።

— ይቻላል። አማዞን እ.ኤ.አ. በ1994 ተቋቁሞ የዓመት ትርፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው በ2003 ነው። ዘጠኝ ዓመት ለመክሰር ከተዘጋጁ ዛሬ ማታ እጀምራለሁ።

— ቀብዱስ?

— ዘጠኙ ዓመት ነዋ ቀብዱ!

በዚህ ሙያ የሚያድር ሰው ቀኑን ሙሉ ሲጠየቅ ይውላል። ስንት ነው? መቼ ያልቃል? ለምን ተወደደ? ሎጎው ለምን አነሰ? ጥያቄው ሁሉ የከፋይና የሠሪ ነው። ገጹን ስልኩ ላይ የሚከፍተው ሰው፣ ይህ ሁሉ ጣጣ የመጣው ለእሱ ሆኖ ሳለ፣ በክርክሩ መሐል ስሙ አይነሣም። ዛሬ ምላሴን የማሾለው ለእሱ ጠበቃ ሆኜ ነው። አበል አልተቆረጠልኝም።

በመጀመሪያ ግን ዓርብ ማታ ደውሎ «ለሰኞ ይድረስልኝ» የሚለውን ላሰናብተው። ለእሱ የማቀርበው ምስክር ብሬንዳን አይክ ነው። ይህ አሜሪካዊ ኔትስኬፕ ውስጥ ሲሠራ አጣድፈውት እ.ኤ.አ. ሜይ 1995 ላይ ጃቫስክሪፕትን በ10 ቀን ጻፈው።

— አየህ! በ10 ቀን አልቋል!

— የተጻፈው በ10 ቀን ነው ጋሼ፤ ጣጣው ግን እስከ ዛሬ አላለቀም።

እውነቴን ነው። በጽሑፍ መልክ የመጣ 2 ላይ 2 ደምር ብትሉት 22 ይላችኋል። ባዶ ነገር ሰጥታችሁ «ይህ ምንድን ነው?» ስትሉት፣ ባዶ ካርቶን አሽጎ እንደሚሸጥ ነጋዴ «ዕቃ ነው» ብሎ ድርቅ ይላል። እንዳይታረም ደግሞ ስሕተቱን አምነው የቆሙ ገጾች በዓለም ዙሪያ ተሰልፈዋል፤ እሱ ሲቃና እነሱ ይወድቃሉ። የችኮላ ሥራ ይኸው ነው። ለሰኞ ከፈለጉ ለሰኞ ይደርሳል፤ ማክሰኞን ግን አልወክልም።

ቀጣሪዎችም ከጠያቂ መዝገብ አይጠፉም። ፋስትኤፒአይ የሚባለውን መሣሪያ የፈጠረው ሴባስቲያን ራሚሬዝ እ.ኤ.አ. በ2020 አንድ የሥራ ማስታወቂያ አየ። በዚሁ መሣሪያ ከ4 ዓመት በላይ ልምድ ያለው ሰው ይፈለጋል ይላል። ራሱ ከፈጠረው ገና ዓመት ተኩሉ ነበር። አባትዬው ልጁን ለማሳደግ የሥራ ልምድ አነሰው ማለት ነው።

አሁን ወደ ባልደረቦቼ ልዙር፤ ተረቡ ለደንበኛ ብቻ ከሆነ አድልዎ ይሆናል። ሁለት ዴቨሎፐሮች አንድ ካፌ ተገናኙ እንበል።

— ያንተ ዌብሳይት ከመዘግየቱ የተነሣ አቦል ላይ የከፈተው ሰው በረካ ላይ ሎጎውን አየ አሉ።

— ያንተስ? ከመክበዱ የተነሣ ፓኬጅ ገዝተው የገቡ ሰዎች «ስለ እኛ» የሚለው ጋ ሳይደርሱ «ሂሳብዎ አልቋል» የሚል መልእክት ደረሳቸው።

— ያንተስ ስልክ ላይ ሲከፈት ከመጣበቡ የተነሣ «ያግኙን» የሚለው ቁልፍ ራሱ ሳይገኝ ቀረ!

ሳቁ እንዳለ ሆኖ ሒሳቡ ቀላል ነው። የሆቴሉ ባለቤት በስልካቸው ያነሷቸውን 10 ፎቶዎች ላኩ፤ አንዱ 5 ሜጋባይት። ልጁም እንዳሉ ወስዶ የፊት ገጹ ላይ ደረደራቸው። የአልጋውን ዋጋ ብቻ ለማየት የገባ መንገደኛ 50 ሜጋባይት ከፈለ ማለት ነው፤ ያውም ሳይተኛበት። ፎቶውን ማሳነስ የደቂቃ ሥራ ነበር። ልጁን ብትጠይቁት መልሱ ዝግጁ ነው፦ «እኔ ጋ በደንብ ይሠራል!» ይሠራል እንጂ! ቢሮው ዋይፋይ አለ፣ ላፕቶፑ አዲስ ነው። እንግዲያው ወንድሜ፣ ላፕቶፕህንና ወንበርህን ለመንገደኛው ስጠውና አንተ ደሴ መናኸሪያ ቆመህ በእሱ ስልክ ክፈተው።

ወደ ፎርም ስንመጣ ደግሞ ነገር ይብሳል። «እስቲ ሞክረው» ሲባል የአገሬ ዴቨሎፐር የሚሞክርበት ሰው አንድ ነው፤ አበበ። ስም፦ አበበ። የአባት ስም፦ በሶ። የአያት ስም፦ በላ። ይሁንና የፎርሙ አጥንት ከውጭ የተቀዳ ስለሆነ ሁለት ሳጥን ብቻ ነው ያለው፤ «ፈርስት ኔም» እና «ላስት ኔም»። አበበ ሦስት ስም ይዞ ሁለት ሳጥን ፊት ይቆማል። «ላስት» ማለት የመጨረሻው ነው ብሎ አያቱን ይጽፋል። ማታ ኢሜይል ይደርሰዋል፦ «ውድ አቶ በላ፣ ትእዛዝዎን ተቀብለናል።» አቶ በላ ካረፉ ስንት ዘመናቸው!

— ሲስተሙ እንደዚያ ነው።

— ሲስተሙን የሠራኸው አንተ አይደለህም እንዴ? አበበን ከአባቱ ምን አጣላህ? «ሙሉ ስም» ብለህ አንድ ሳጥን ስጠው፤ ደስ ካለው እስከ ሰባት ቤት ይቁጠርበት።

የልደት ቀንም አለ።

— ጳጉሜ 3 ነው የተወለድኩት።

— ዝርዝሩ ውስጥ ጳጉሜ የለም።

— እኔ ግን አለሁ!

ጃቫስክሪፕት ወር መቁጠር የሚጀምረው ከዜሮ ነው፤ ጃንዋሪ 0፣ ዲሴምበር 11። አመሉን የወረሰው ከጃቫ ነው። ዐሥራ ሁለቱን በቅጡ መቁጠር ካቃተው ቋንቋ ዐሥራ ሦስተኛ ወር መጠበቅ ድፍረት ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን ዘመነኞቹ ብሮውዘሮች ቀን የሚጽፉበት መሣሪያ የእኛን ዘመን አቆጣጠር ያውቃል። «ኢትዮፒክ» ብለው ሲጠሩት ጳጉሜንም ሳይረሳ ያወጣል። ክፋቱ፣ ቀን የሚያስመርጠው የኤችቲኤምኤል ሳጥን የፈረንጁን ብቻ ነው የሚያውቀው። የእኛን የሚያውቅ ሳጥን መሥራት እንግዲህ የኛ ዕጣ ነው፤ ደመወዝ የሚባለውም ለዚሁ ነው።

ሰዓቱን ተዉት። ታካሚ «ጠዋት 3 ሰዓት» ብሎ ቀጠሮ ያስይዛል፤ ሰርቨሩ 3ን እንደ ፈረንጅ ያነበዋል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ስልክ ይንጫረራል፦ «ቀጠሮዎ ደርሷል፤ ሐኪምዎ እየጠበቀዎት ነው።» ሐኪሙን እንጃ፤ ጅቡ ግን እየጠበቀኝ ነው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን የመፈለጊያው ሳጥን ነው።

— «የፀጉር ቅባት» ብዬ ፈለግኩ፤ «ምንም አልተገኘም» አለኝ።

— እኛ ያስገባነው «ጸጉር» ብለን ነው እኅቴ።

— ታዲያ ይህን ተላጭቼ ሌላ አብቅዬ ልምጣ?

ልጅቷ እውነቷን ነው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ከዩኒኮድ 3.0 ጋር ሲገባ ጸም ፀም የየራሳቸው ቁጥር ተሰጣቸው። መሰጠቱ ተገቢ ነው፤ ፊደሎቹ የየራሳቸው ታሪክ አላቸው። ለኮምፒውተሩ ግን ሁለቱ ባዕድ ለባዕድ ናቸው። ሰው ሲፈልግ ሀን ከሐና ከኀ፣ ሰን ከሠ፣ አን ከዐ፣ ጸን ከፀ አስማምቶ እንዲያነጻጽር ማድረግ ጥቂት መስመር ኮድ ነው፤ የተጻፈው በተጻፈበት ይቆያል፣ የሚስማማው በፍለጋው ላይ ብቻ ነው። ይህን ሳይሠራ ገጹ ላይ በረዶ የሚያዘንብ አኒሜሽን የጨመረ ዴቨሎፐር አውቃለሁ። በረዶ! ለአዳማ ሱቅ!

ዳታቤዙንም ፊደላችንን እንዲቀበል አድርጎ ካላዘጋጁት ያስገቡትን ሁሉ «????????» አድርጎ ይመልሳል። በዚህ ሙያ ከደንበኛ በላይ ጠያቂ ካለ እሱ ነው።

ፓስዎርድን በተመለከተ አንድ ቃል ብቻ። «ረሳሁት» ስላችሁ ያንኑ የድሮ ፓስዎርዴን በኢሜይል ከላካችሁልኝ፣ እናንተ በቃላችሁ ይዛችሁታል፤ የረሳሁት እኔ ብቻ ነኝ ማለት ነው። የሰው ፓስዎርድ ተመልሶ እንዳይነበብ ሆኖ ነው የሚቀመጠው። ተመልሶ ከተነበበ ሌባም ያነበዋል።

ወደ ከፋዮች እንመለስ፤ ቂም እንዳይዙ።

— ቀየርኩት ያልከው ስልክ ቁጥር አሁንም የድሮው ነው።

— ተቀይሯል እትዬ። ብሮውዘርዎ የቆየውን ገጽ አስቀምጦ ነው የሚያሳይዎት። ካሹን ያጥፉት።

— ካሽማ አጠፋሁ! ላንተ ከፍዬ የለ እንዴ?

ለዚህ መልስ አላገኘሁለትም፤ የተረበ ይተረባል። ከኮምፒውተር የገቡ ግን ኮንትሮልን ይዘው ኤፍ 5 ይጫኑ፤ ከካሽ ይረክሳል።

— ዶሜይኑን አምና ገዝቼው የለም እንዴ? ደግሞ የምን ክፍያ ነው?

— ተከራዩት እንጂ አልገዙትም ጋሼ።

— ረስተነው ብንተወውስ?

— ማይክሮሶፍትም ረስቶት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1999 የገና ሰሞን ማይክሮሶፍት የሆትሜል መግቢያ የሚያልፍበትን ፓስፖርት ዶት ኮም የተባለ አድራሻ ማደስ ዘነጋና የሆትሜል ሰዎች መግባት አቅቷቸው በር ላይ ቀሩ። 35 ዶላሩን ከኪሱ አውጥቶ ያደሰለት አንድ የሊኑክስ ፕሮግራመር ነው፤ ያውም የተቀናቃኝ ሠፈር ልጅ። ለቢል ጌትስ ድርጅት ያልራራ ቀን ለጋሼ ሊራራ?

ዋጋው ለምን ጨመረ ለሚለውም፦ ሰርቨሩ የሚበላው ዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ያው ሰርቨር፣ ያው ራም፣ ያው ቦታ በብር ሲመነዘር ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ያም ሆኖ ክፍያው ብዙ ጊዜ የሚያልፈው በውጭ ካርድ ነው። ስንቱ የአዲስ አበባ ድርጅት አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለች የዴቨሎፐሩ እኅት ካርድ ተንጠልጥሎ እንደሚኖር ቢታወቅ እኅትየው በቦርድ ሰብሳቢነት ትመረጥ ነበር። ካርዷ ጊዜው ያለፈበት ቀን ድርጅቱም ጊዜው ያልፍበታል።

የአገር ውስጡ ክፍያ እንኳ በአቅሙ መንገድ ተጠርጎለታል፤ ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ታዲያ «አሁን ይክፈሉ» የሚለውን ቁልፍ ስትጫኑ የሚመጣው ምንድን ነው? የባንክ ሒሳብ ቁጥር። ከሥሩ «ከፍለው ሲጨርሱ ስክሪንሾቱን በቴሌግራም ይላኩ» ይላል። ቁልፉ ያማረ ነው፣ ጥላ አለው፣ ሲነኩት ቀለም ይቀይራል፤ ሥራው ግን ወደ ቴሌግራም መሸኘት ነው። ስክሪንሾት ደግሞ የሠፈር ልጅ በስልኩ ያቀናብረዋል። ገንዘቡ መግባቱን ሰርቨሩ ራሱ ከክፍያው ድርጅት ሰርቨር ጠይቆ ማረጋገጥ ሲችል፣ ባለሱቋ ሌሊት ቁጭ ብላ ፎቶ ከፎቶ ታስተያያለች።

— ታዲያ ይህን ሁሉ ኤአይ አይሠራውም?

— ይሠራዋል። ግን መጀመሪያ የሚጠይቅዎ «ምን እንድሠራልዎ ይፈልጋሉ?» ብሎ ነው።

— እንደ አማዞን ሆኖ ቀለል ያለ።

— ይሠራልዎታል። የጳጉሜን ነገር ካልነገሩት ግን እሱም ይረሳታል፤ ከኛው ኮድ አይደል የተማረው!

ዘመድም አለ። «ኮምፒውተር አይደል የተማርከው? ቴሌቪዥኑ እምቢ ብሏልና እየው» ይላል። አየዋለሁ። እምቢ ብሏል።

ባለፈው የአንድ ሆቴል ሥራ ተጠናቀቀ እንበል። ፎቶው አነሰ፣ ስሙ በአንድ ሳጥን ገባ፣ ጳጉሜ ተወለደች፣ ፀጉርና ጸጉር ታረቁ። ባለቤቱ ወንበራቸው ላይ ደገፍ ብለው ሎጎው ይተለቅ አሉ።

— ጋሼ፣ በስልክዎ ከፍተው አይተውታል?

— እኔማ ዳታ አልሞላም። ስክሪንሾት ላክልኝ።