27 ከ28 ሲበልጥ

አጎቴ ሲያርፉ ከተዉት ንብረት ወራሾች ያልተጣሉበት ብስክሌታቸው ብቻ ነበር። ኖቲንግሃም የተሠራች አሮጌ ራሌይ ናት። አካሏ ዛሬም ደህና ነው፤ ጣጣዋ ጎማዋ ላይ ነው። ቸርኬዋ የሚያብለጨልጭ ክሮም የለበሰ ብረት ነው፤ ደረቅ ቀን ያምራል፣ ዝናብ ሲነካው ግን የፍሬኑ ጎማ ይንሸራተትበታል። ሐምሌ ላይ ከእንጦጦ ስወርድ ሽሮ ሜዳ ላይ ፍሬን ይዤ የምቆመው 6 ኪሎ ነው። በመሃል ያሉ እናቶች ያማትባሉ፤ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው እንጃ።

የአሉሚኒየም ቸርኬ እርጥብ ሲሆንም ይይዛል ሲሉኝ አሜሪካ ያለችውን የአክስቴን ልጅ ለመንኳት። ሻንጣ 23 ኪሎ በሆነበት ዘመን ጎማ አምጪልኝ ማለት ድፍረት ነው፤ ግን አመጣችው። ካርቶኑ ሲከፈት ጫማና ሽቶ ይጠብቁ የነበሩ ዘመዶቼ ፊት እንዴት እንደሆነ አታንሱብኝ። እናቴ ብቻ ሁለቱንም አገላብጣ አየችና፣ «መኪናውስ?» አለች።

ይዤ ወደ ሰፈራችን ጎሚስታ ሄድኩ። ገና በሩቅ አይተው ሳቁ።

«ልጄ፣ አንሶሃል እኮ!»

«እንዴት ያንሳል ጋሼ? አሮጌው 27 ነው፤ ይሄ 28 ነው።»

«ቁጥሩን ተወውና ሜትሩን አቀብለኝ።»

ለካሁ። 27 ኢንች የሚባለው አሮጌው ቸርኬ፣ ጎማው የሚቀመጥበት ቦታ ላይ 630 ሚሊ ሜትር ነው። 28ቱ 622! ደግሜ ለካሁ፤ ያው ነው። ጉዱ በዚህ አያበቃም። ፈረንሳዮች 700C የሚሉትም 622 ነው፤ የተራራ ብስክሌት ነጂዎች 29 እያሉ የሚኮሩበትም ያው 622 ነው። ስሙ የወጣው በቸርኬው ሳይሆን የተነፋ ጎማ ከነውፍረቱ ሲለካ ነውና፣ ጎማው ሲወፍርና ሲከሳ ስሙ ባለበት ቀረ። ከዓለም በሰባትና በስምንት ዓመት ተለያይተን በሰላም የምንኖር ሰዎች በ8 ሚሊ ሜትር እንዲህ መደናገራችን አሳፈረኝ።

እንደ እድል ሆኖ 8ቱ ለሁለት ሲካፈል 4 ነው። የፍሬኑን ጎማ በቀዳዳው ልክ 4 ሚሊ ሜትር ዝቅ ስናደርገው ቸርኬውን አገኘው። አሁንማ አለቀ ብዬ ማኪያቶ አዘዝኩ።

የኋላው ጎማ አልገባም። የብስክሌቷ የኋላ እግሮች መሃል 120 ሚሊ ሜትር ነው፤ አምስት ማርሽ በቂ ነው በተባለበት ዘመን የተሠራች ናት። የአዲሱ ጎማ ሞዞ፣ ማለትም እምብርቱ፣ ስምንት ማርሽ ተሸካሚ ስለሆነ 130 ይፈልጋል። ጋሼ ምንም ሳይሉ ወደ ጓሮ ሄዱና አጣና ይዘው ተመለሱ።

«ምን ሊያደርጉ ነው?»

«ላስተምራት ነው።»

አሉሚኒየም ቢሆን ይሰነጠቃል፤ ብረት ግን ይመከራል አሉ። አጣናውን በእግሮቿ መሃል አሳልፈው አንዱን ጎን ፈለቀቁ። ተንቋቋች። የአጎቴን አጽም የነኩብኝ ያህል ዓይኔን ጨፈንኩ። ሌላውንም ጎን እንዲሁ፤ እያንዳንዱ 5 ሚሊ ሜትር። ከዚያ ሲባጎ ከአንዱ የኋላ እግር ጫፍ አስነስተው በመሪው አንገት አዙረው ወደ ሌላው ጫፍ መለሱትና፣ ከኮርቻው ቱቦ ያለውን ርቀት ግራና ቀኝ ለኩ። እኩል ነው። አንድ ማኪያቶ የበረደበት ምህንድስና።

የቀረው ወጪ ነው፤ ሰንሰለቱም መቀየር ነበረበት። የማርሽ መቀየሪያዋ ግን የድሮ ነው፣ ቀጭ ቀጭ አይልም፣ በጣት ስሜት ስለሚሠራ ስምንቱንም ሳያጉረመርም ተቀበለ።

አሮጌዎቹን ጎማዎች ለጋሼ ተውኩላቸው፤ በራቸው ላይ ሰቀሏቸው። ባለፈው ቅዳሜ ነፋስ ላስሞላ ስሄድ አንድ ወጣት ቆሞ ይጠይቃል።

«ጋሼ፣ ይሄ ስንት ነው?»

«27።»

«ትንሽ ነው። 28 የለም? ተለቅ ያለ ፈልጌ ነበር።»

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩና፣ «አንተ አስረዳው» አሉኝ። አስረዳሁት፤ 27 ከ28 እንደሚበልጥ፣ 28 ከ29 ጋር እኩል እንደሆነ፣ 29 ደግሞ ያው 700 መሆኑን።

ልጁ በትዕግሥት ሰማኝ። ከዚያ ወደ ጋሼ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ፣ «ቤተሰብ አለው?» አለ።