መቀመጥ ለሚያውቅ ሰው

አስተዋይ ሰው በ2012 ዓ.ም. የወጣውን የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በሚገባ ተረድቶታል። አሮጌ መኪና እስከ 500 በመቶ ኤክሳይዝ ይጣልበታል ሲባል ሰምቶ፣ ግቢው ውስጥ የቆመችውን የአባቱን ቮልስ አሳጥቦ ሸራ አለበሳት። በጥር 2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር አይገባም ሲባል ሌላ ሸራ ደረበላት። ይህ ሰው መኪና አይነዳም፤ መኪና ያስቀምጣል። ዋጋዋ በተኛችበት ይጨምርለታል። እሱን የሚያመሰግን ሞልቷል፤ አማቶቹ ይበቁታል።

እኔ የማመሰግነው ጎረቤቱን ነው። ገርጂ፣ ከኮንዶሚኒየሞቹ ጀርባ፣ ያችኑ የመሰለች ቮልስ አለችው። አዋጁንም እገዳውንም እንደማንም አንብቧል። አንብቦ ሲጨርስ ግራይንደሩን ሶኬት ላይ ሰክቶ ጣሪያዋን ቆረጠ። ክፍት የስፖርት መኪና ሊሠራ ነው። ስሙን አልጠራም፤ እንዲህ ያለ ሰው ከጎሮ እስከ ሃያ ሁለት ባለው ሠፈር አንድ አይጠፋም፤ ባይኖር እንኳ ሊኖር ይገባዋል።

ቀዳሚዎች አሉት። ብሩስ ሜየርስ የሚባል ካሊፎርኒያዊ እ.ኤ.አ. በ1964 የመጀመሪያዋን ባጊ ሠራ፤ በኋላም የቮልስን ሻንሲ 36 ሳንቲ ሜትር ያህል አሳጥሮ የፋይበርግላስ ገላ እየጫነበት ለገበያ አቀረበ። እንግሊዛዊው ሮን ቻምፒዮን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1996 በ250 ፓውንድ የስፖርት መኪና እቤት መሥራት እንደሚቻል የሚያስተምር መጽሐፍ ጽፎ ስንቱን ባል ከሚስቱ አጣላ። ሜየርስ የባሕር ዳር አሸዋ ነበረው። ገርጂም አሸዋ አላጣችም፤ ሌሊት ሲኖ ትራክ በየግንባታው በር ላይ ደፍቶት የሚሄደው አለ።

ሥራው ሁሉ የሚያስመሰግን ቢሆንም ባርኔጣዬን የማነሳው ለወንበሮቹ ነው። ምክንያቱን በሒሳብ ማሳየት ይቻላል። ባለ 1,200 ሲሲዋ ቮልስ 34 የፈረስ ጉልበት አላት። ይህ ግን በባሕር ጠለል ከፍታ ላይ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን እዚህ ያጣል። ከ34ቱ ፈረሶች 26 ገደማው ይቀራሉ። ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ከቦሌ ወደ መገናኛ ለሚጓዝ ሰው 26ቱም ይበዙበታል። እንግዲህ ሞተሩ ሥራ ከፈታ፣ ፍሬኑም የሚያቆመው ነገር ካጣ፣ በመኪናው ላይ ያለማቋረጥ የሚሠራው ወንበሩ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ የወንበሩ መያዣ ነው።

አስተዋዩ ጎረቤት እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ አለው። ጎንና ጎኑ ክንፍ ያለው የስፖርት ወንበር የሚሠራው በኩርባ ላይ ሰውነት እንዳይንሸራተት አቅፎ ለመያዝ ነው፤ ቦሌ መንገድ ላይ በምን ፍጥነት የሚታጠፍ ኩርባ አለና ነው? መልሱ ቀላል ነው። በኩርባ ላይ የሚሮጥ ሰው እቅፍ አያስፈልገውም፤ ደስታው ይይዘዋል። የሚታቀፍ ሰው ካለ መብራት ሦስት ጊዜ በርቶ ሦስት ጊዜ ሳያሳልፈው የቀረው ነው።

ምርጫው በቮልስዋ በራሷ ወንበር ተጀመረ። የቮልስ የፊት ወንበር ታሪክ ያለው ነው። መኪናዋ ሁለት በር ብቻ ስላላት የፊቱ ወንበር ካልታጠፈ ከኋላ መቀመጥ አይቻልም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ዙፋን ላይ ከ40 ዓመት በላይ የተቀመጡት ንጉሠ ነገሥት ከቤተ መንግሥት ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር የተወሰዱት በቮልስ የኋላ ወንበር ነበር። የዚህች አገር ትልቁ የመቀመጫ ለውጥ በዚያ ጠባብ ክፍተት አለፈ። ሌላ ሰው ቢሆን እንዲህ ያለ ወንበር መስታወት ውስጥ ያስቀምጠው ነበር። ጀግናችን ነቅሎ ለጋራዡ ዘበኛ ሰጠው፤ ዘበኛውም እንደ ንጉሥ ተዘርግቶ ይቀመጥበታል።

የኋላው ወንበር ሲነሳ ባትሪው ብቅ አለ። የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር ነው። መሸፈኛው የጠፋ እንደሆነ፣ ወፍራም ተሳፋሪ ዘፍ ሲል የወንበሩ ሞላ የባትሪውን ጫፍ ይነካና ጭስ ይወጣል። ከባትሪው ሥር ያለው ወለል ደግሞ አሲድ በልቶት ወንፊት ሆኗል። አስተዋይ ሰው እዚህ ላይ ሸራውን መልሶ ያለብሳት ነበር። የኛው ሰው ግን ብረት ሠሪውን ጠርቶ አዲስ ላሜራ አስበየደ፤ ወንበሩን የሚያስርበት መሬት አገኘ ማለት ነው። በዚህች ከተማ መሬት ማግኘት ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ።

ሶማሌ ተራ የወረደው ከዚያ በኋላ ነው። እዚያ ከቪትዝ፣ ከያሪስና ከኮሮላ የተነቀሉ ወንበሮች ተደርድረዋል፤ ሻጮቹም ከነሐዲዳቸው ሊሰጡት ዝግጁ ነበሩ። የቪትዝ ወንበር ልስላሴው ደህና ነው፤ ጉዱ ከፍታው ላይ ነው። ክፍት መኪና ብትገለበጥ ጭንቅላት የሚያድነው ከወንበሩ ኋላ የቆመው የብረት ቀስት ነውና፣ የነጂው አናት ከቀስቱ በታች መሆን አለበት። ይህን ለማረጋገጥ ረጅም የመጥረጊያ እንጨት ከቀስቱ አናት እስከ ኮፈኑ ጫፍ አጋደሙ። ጀግናችን ቪትዙ ላይ ሲቀመጥ እንጨቱ ግንባሩን መታው። መጥረጊያው ፈረደበት፣ ፍርዱም ትክክል ነበር። ቪትዙ ተመለሰ።

ቀጥሎ የአክስቱ ልጅ ከዋሽንግተን ወንበር እንድታመጣለት ተለመነች። የአክስት ልጅ ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ይፈቀድላታል። በነዚያ 46 ኪሎዎች የሠፈሩ ሁሉ ተስፋ ተቋጥሯል፤ የእናቷ የደም ግፊት መድኃኒት፣ የእህቷ ልጆች ጫማ፣ የጎረቤት ስልክ። እሷም ከሁሉ ቀንሳ አንድ የፋይበርግላስ ወንበር በብርድ ልብስ ጠቅልላ ቦሌ ወረደች። ወንበሩ የተሠራው ለቀጭን ፈረንጅ ነበር። ጀግናችን ግማሽ ጎኑ ገባ፣ ግማሹ ደጅ ቀረ። የእህቷ ልጆች ጫማ ሳያገኙ መቅረታቸውን ሲሰማ ከልቡ አዘነ፤ አዝኖም ሁለተኛ እንድታመጣ ለገና አዘዛት።

በመጨረሻ ወንበሩን በራሱ ገላ ልክ ለማስፈሰስ ወሰነ። የውድድር ነጂዎች የሚያደርጉት ነው። ሁለት ፈሳሾች ይቀላቀላሉ፤ ሲቀላቀሉ ያብጣሉ፣ ይሞቃሉ፣ ወዲያው ስፖንጅ ሆነው ይደርቃሉ። ድብልቁ ትልቅ የቆሻሻ ፌስታል ውስጥ ይፈስና ነጂው ወንበሩ ላይ ተስተካክሎ ይቀመጥበታል፤ እጁ መሪ ላይ፣ እግሩ ፍሪሲዮንና ፍሬን ላይ፣ ሳይነቃነቅ። ያን ቅዳሜ ጋራዡ ውስጥ የነበረ ሁሉ ሥራውን ትቶ ከበበው። ፌስታሉ ከወገቡ ሥር እየተነፋ ጎኑን ይዞ ወደ ላይ ሲወጣ፣ ብረት ሠሪው ጎንበስ ብሎ አየው።

«ጋሼ፣ ሲያቃጥልህ ንገረኝ እሺ?»

«ዝም በል፣ እየተለካሁ ነው» አለ ጀግናችን፣ ዓይኑን ከግድግዳው ሳያነሳ።

ይህን ንቀን አንለፈው። ይህች ከተማ ከተቆረቆረች ጀምሮ ሰውን ከወንበር ጋር ስታስማማ የኖረችው ሰውየውን በማጠፍ ነው። ድሮ ውይይት በሚባሉት ፒክአፖች ውስጥ ሁለት አግዳሚ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ጉልበት ለጉልበት ተጣብቆ፣ አንገት ሰብሮ መሄድ ነበር። ቅጥቅጥ አይሱዙው የጭነት መኪና ሆኖ ተወልዶ አውቶቡስ ሆኖ አደገ፤ ወንበሮቹም ረጅም ሰው የሚባል ፍጥረት እንደሌለ አምነው ተበየዱ። ሚኒባሱ ላይ ለሦስት ሰው የተሠራው ወንበር አራተኛውን ይዞ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ይባላል፤ እንጠጋለን። ወንበር የሚለካው በሰው ሳይሆን ሰው በወንበር ነው። የጅማው በርጩማ ጠራቢ ብቻ ነው፣ ከአንድ ግንድ ሲፈለፍል መቀመጫውን ጎድጎድ አድርጎ ሰው ክብ ነገር ይዞ እንደሚመጣ ያሰበልን። ጀግናችን የሱ ደቀ መዝሙር ነው። ጠራቢው ግን ለማንም የሚሆን ሠራ፤ ይህኛው ሌላ ማንም ሊቀመጥበት የማይችል ወንበር ሠራ። እንዲህ ያለ ወንበር በዚህ አገር ስንት ሰው ሲመኝ እንደኖረ እናውቃለን።

ማሰሩ ቡሎንና ዳዶ ነው፤ ብዙ አልልም። ከወለሉ ሥር የእጅ መዳፍ የምታህል ወፍራም ላሜራ ካልገባ፣ ተራ ሮንዴላ ብቻ ከሆነ፣ በግጭት ጊዜ ቡሎኑ ወለሉን ቀዶ ወንበሩ ከነባለቤቱ ይሄዳል። የትከሻው ቀበቶ ከትከሻ በስተኋላ አግድም መሄድ አለበት፤ ወለሉ ላይ ከታሰረ ሲጋጭ አከርካሪን ወደ ታች ይጨመድዳል። ይህን ሁሉ ጠንቅቆ ሠራ። ለዝናቡም አሰበ፤ ከወንበሩ መቀመጫ ሥር የውኃ መውረጃ ቀዳዳ በሳ። አስተዋዩ ጎረቤት ለዝናብ ጣሪያ ይሻላል ብሎ መክሮት ነበር፤ እንዲህ ያለ ምክር ከሩቅ ያስታውቃል። ሐምሌ ሲገባ ቀዳዳዎቹ ሥራቸውን በሚገባ ሠሩ። ውኃው በላይ ገብቶ በታች ወጣ፤ መሃል ላይ የነበረው እሱ ነው። በጋ ሲመጣ ጥቁሩ ቪኒል የከፍታውን ፀሐይ ጠጥቶ ይጠብቀዋል፤ ስለዚህ ጋቢ ያነጥፍበታል።

መኪናዋ ስትወጣ አንድ ያልታሰበ በረከት ታየ። ወንበሩ ከወለሉ አራት ጣት ከፍ ያለ ብቻ ስለሆነ የነጂው ዓይን የሲኖ ትራክ ጎማ ብሎኖች ፊት ለፊት ይውላል፤ አፍንጫው የአይሱዙው ጭስ ማውጫ ከሚተነፍስበት ጋር ይስተካከላል። መገናኛ መብራት ላይ ሱቅ በደረቴው ልጅ በማናቸውም መኪና መስኮት አንጋጦ ነው የሚሸጠው። እዚህ ግን ቁልቁል ያያል። «ጋሼ፣ ወድቀህ ነው?» ይላል፣ ከልቡ ደንግጦ፤ ሶፍቱን በነፃ ይሰጠዋል።

የዓመቱን ምርመራ ጉዳይ አስተዋዩ ጎረቤት እስካሁን በጉጉት ይጠብቃል። ሊብሬው ላይ የሰው ብዛት ተጽፏል፣ ጣሪያ ያለው መኪና ተጽፏል። መርማሪው ሊብሬውን ያያል፣ መኪናውን ያያል፣ ደግሞ ሊብሬውን። ቦሎው የሚለጠፈው ደግሞ የፊት መስታወት ላይ ነው፤ መስታወቱ ከጣሪያው ጋር ወርዷል።

ከነጂው ጎን ላለው ለሁለተኛው ወንበር ግን ደንበኛ ተገኘ። ቦሌ መንገድ ላይ ሰርግ ሲያልፍ ካሜራማኑ ከፊተኛው መኪና ጀርባ ተንጠልጥሎ ይቀርፃል፤ ሙሽሮች ክፍት መኪና ይወዳሉ። የእህቱ ልጅ ስታገባ አጎቷ መኪናውን በአበባ አስጌጠ። በር ስለሌለው ሙሽራዋን ሁለት ሰው አንስቶ በጎን አስገባት። ቬሎው ከክንፎቹ ውጭ ፈሶ ነጂው ላይ ተደረበ፤ ካምቢዮው ጠፋ። ሙሽራው የሚቀመጥበት ቦታ አለመኖሩ የታወቀው ያኔ ነው። ወንበሩ ሁለት ነው፣ አንዱ በአጎትየው ገላ ልክ የፈሰሰ ስለሆነ ሌላ ሰው አይቀበልም። የጀግናችን እናት ነጠላቸውን አጣፍተው መኪናውን ዞሩት፣ ልጃቸውንም አዩት።

«ታዲያ ሙሽራውስ?» አሉ።

«እማዬ፣ ሲኤምሲ ድረስ ቅርብ ነው» አላቸው፤ ሙሽራውን ከሚዜዎቹ ጋር ሚኒባስ ውስጥ አስገቡት፣ ጋቢና ቦታ ስላልነበረ ከኋላ አራተኛ ሆኖ ተቀመጠ።